ፀሐይ ባልኮኒ ስትደርስ

ነሐሴ 24፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት። ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ማሙሽ ሶፋው ላይ ተዘቅዝቆ፣ እግሩን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ካርቱን ያያል። ስድስት ዓመቱ ነው። የአሥር ዓመቷ ሚጣ መኝታ ቤት ገብታለች፤ ተኝታለች ማለት ግን አይደለም። የእናቷን ስልክ ይዛ ብርድ ልብስ ውስጥ እንደተደበቀች በጨርቁ ስስ ቦታ ሾልኮ የሚወጣው ብርሃን ያሳብቅባታል። እናቴ ጥግ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ከማታው የተረፈ የበቆሎ ጥብስ ትፈለፍላለች። ውጭ ዝናቡ የመኪና ማቆሚያውን ቆርቆሮ ይደበድባል።

“እነዚህ ልጆች መቼ ነው የሚተኙት?” አለች እናቴ፣ ለእኔ ሳይሆን ለበቆሎው።

መልስ አልነበረኝም። ስልኬን አውጥቼ የትምህርት ቤቱን የቴሌግራም መልእክት ደግሜ አነበብኩ። ትምህርት መስከረም 7 ይጀመራል፣ ሰርቪስ ጠዋት 12፡30 በር ላይ ይደርሳል ይላል። በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት ቀን።

መቁጠር የተማርኩት ያለፈው ዓመት አስተምሮኝ ነው። ያኔ በመጀመሪያው ቀን ማሙሽን እንደተኛ አልብሰን፣ አንድ ጫማ አድርገንለት፣ ሁለተኛውን በእጄ ይዤ ደረጃውን በሩጫ ወረድን። በሦስተኛው ቀን ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ክላክስ አድርጎ ጥሎን ሄደ፤ አልፈረድኩበትም፣ ሌሎች አሥራ አራት ልጆች ይጠብቁታል። በሳምንቱ መጨረሻ መምህሯ በመገናኛ ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ ላከች፦ ልጁ ክፍል ውስጥ ይተኛል፣ ቤት ውስጥ ክትትል ይደረግለት። ባለቤቴ አንብባ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። በዚያ ክረምት ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ፊልም ሲያይ የነበረው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ልጆችን የሚያበላሸው ቀስ ብሎ ነው። ሰኔ መጨረሻ ካርድ ይሰጣል። በመጀመሪያው ሳምንት “ይረፉ እንጂ” እንላለን፤ የመኝታ ሰዓት ከ3 ወደ 3 ተኩል ይሄዳል። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ያይላል፣ ግቢው ጭቃ ይሆናል፣ ኳሱ በረንዳ ሥር ይቀመጣል። ልጅ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ሲውል ደግሞ ማታ አይደክመውም። በነሐሴ ቡሄ ይመጣል፤ ወንዶቹ ጅራፍ እያጮኹ፣ ዱላ ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ ከበር በር ሲዞሩ ያመሻሉ፤ ሙልሙሉን የሚቆጥሩት ሌሊት ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቁርስና ምሳ አንድ ይሆናሉ። ከሁለት ወር ውስጥ ይህ ቀን ነው ብለህ የምትይዘው የለም፤ ግን ሲደመር ልጁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንሸራትቷል፣ አሜሪካና አውሮፓ መካከል ባለ ባሕር ላይ ሰዓቱን እንደሚያስተካክል መንገደኛ።

የመንሸራተቱ ምክንያት ስንፍና ብቻ አይደለም። አንጎላችን ውስጥ፣ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚገናኙበት በላይ፣ ሃያ ሺህ ገደማ የነርቭ ሴሎች ያሉት አንድ ትንሽ ጉብታ አለ። እሱ ነው መላውን ሰውነት ሰዓት የሚያስይዘው፤ መቼ እንደሚርበን፣ መቼ ሙቀታችን እንደሚወርድ፣ መቼ ሜላቶኒን የተባለው የእንቅልፍ ሆርሞን እንደሚፈስ። ይህ ሰዓት ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚቆጥር ያሳዩት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ የ2017 (እ.ኤ.አ.) የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ወስደዋል፤ ሥራቸውን የሠሩት በበሰለ ሙዝ ላይ በምትዞረው ትንሽ ዝንብ ነው። ለወላጅ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሰው የውስጥ ሰዓት በአማካይ ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ይረዝማል። ካልተቆጣጠሩት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ ማምሸት ቁልቁለት ነው፣ ማልዶ መነሳት ዳገት። ልጅን በሁለት ወር ያወረድከውን ቁልቁለት በአንድ ሌሊት “ተኛ!” ብለህ አታስወጣውም። እኛ ያለፈው ዓመት የሞከርነው ይህንኑ ነበር፦ ከትምህርት መክፈቻ በፊት በነበረው ማታ በ2 ሰዓት አልጋ ላይ አስገባናቸው፤ እስከ 5 ሰዓት ጣሪያ ሲያዩ ቆዩ።

ያንን ሰዓት በየቀኑ ወደ ቦታው የሚመልሰው ብርሃን ነው፣ በተለይ የጠዋት ብርሃን። ይህን ሳነብ እናቴን አሰብኩ። ሚጣ ስትወለድ በየጠዋቱ እየታቀፈች ወደ በረንዳ ታወጣት ነበር፤ “ፀሐይ ላሙቃት” ትል ነበር። ለአጥንቷ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፣ እሱ ሲጎድል አጥንት ይለሰልሳል። አገራችን ከፀሐይ ምድር ተቆጥራ ሕፃናቷ በልብስ ተጠቅልለው በጨለማ ቤት ሲያድጉ በሪኬትስ ሲጠቁ ኖረዋል። የጠዋት ፀሐይ የማሞቅ ልማዳችን ግን ሕፃኑ መቀመጥ ሲጀምር ያበቃል። ስድስት ዓመት የሞላውን ልጅ ማን ፀሐይ ያሞቃል? ሰርቪስ ውስጥ ተጨናንቆ፣ መስኮቱ በጉም ተሸፍኖ፣ ከዚያ ክፍል ውስጥ። በክረምቱማ ቤት ውስጥ።

ስለዚህ ነሐሴ 25 ያደረግነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ማታውን ተውነው። ማንም “ተኙ” አልተባለም፤ ማሙሽ ራሱ ተጠራጥሮ ሁለት ጊዜ ወደ እኔ ዞሮ አየ። ጠዋት ግን ከወትሮው 15 ደቂቃ ቀደም ብዬ ቀሰቀስኳቸው፣ ከ3 ሰዓት ወደ 2፡45። መስኮቱን ከፍቼ፣ ብርድ ልብስ አልብሼ፣ ሻያቸውን ይዘው ባልኮኒ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሰማዩ እንደ አመድ ነው። “ፀሐይ የለም እኮ” አለች ሚጣ። ልክ ናት፣ ግን ዓይን አታላይ ነው። ደመና የሸፈነው ሰማይ ሥር ያለው ብርሃን በሺዎች ሉክስ ይቆጠራል፤ ሳሎናችን በአምፖል 200 ወይም 300 ቢደርስ ነው። የውስጥ ሰዓቱ ልዩነቱን ያውቃል፣ ባይመስለንም። በሁለተኛው ቀን ሌላ 15 ደቂቃ። በሦስተኛው ሌላ።

በአራተኛው ማታ ማንም ያልጠበቀው አጋዥ መጣ፦ መብራት ጠፋ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ። ሻማ ለኮስን፤ እናቴ ስለ ልጅነቷ እያወራች እያለ ማሙሽ ጭኗ ላይ ተኛ። ሰዓቴን አየሁ፣ 2፡20። በቤታችን ታሪክ ያልታየ ነው። ሚጣም እያዛጋች ገባች። መብራቱ በ4 ሰዓት ሲመለስና ቴሌቪዥኑ በራሱ ሲከፈት ቤቱ ውስጥ ነቅቼ የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህ የአጋጣሚ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሙከራ በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ተሠርቷል፤ ውጤቱ የወጣው በ2018 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ አሥር ልጆች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ቤታቸው ሄደው መብራቱን አደበዘዙ፣ ምራቃቸውን እየወሰዱ ሜላቶኒናቸውን ለኩ። በማግስቱ ደግሞ ከመኝታ በፊት ለአንድ ሰዓት ከሥር ደማቅ ብርሃን በሚያበራ ጠረጴዛ ላይ ሥዕል እየቀቡ እንዲጫወቱ አደረጓቸው። ሜላቶኒናቸው በ88 በመቶ ገደማ ወረደ፤ መብራቱ ከጠፋ ከ50 ደቂቃ በኋላም በአብዛኞቹ ልጆች አልተመለሰም። ልጆች ናቸውና የዓይናቸው ብሌን ከእኛ ይሰፋል፣ ሌንሳቸውም ጥርት ያለ ነው፤ ብርሃን በብዛት ይገባል። የጠረጴዛው ብርሃን ከታብሌት ይደምቃል፣ እውነት ነው። ቢሆንም ከዚያ ማታ በኋላ የሁለት ሰዓት ዜና ሲያበቃ የሳሎኑን ትልቅ አምፖል አጥፍተን ጥግ ያለችውን ትንሿን ብቻ ማብራት ጀመርን። ባለቤቴ “መብራት ኃይል ለአንድ ቀን ያስተማረንን በነፃ እንቀጥልበት” አለች።

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉት የቀን ሸለብታን ጨምሮ ከ10 እስከ 13። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሰርቪሱ 12፡30 ከመጣ ማሙሽ 12 ሰዓት ላይ መነሳት አለበት። አሥር ሰዓት ተኩል እንዲተኛ ብንፈልግ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። እኔ በዚያ ሰዓት ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ባለቤቴ ገና እየደረሰች ነው። እራት የሚቀርበው ከ2 ሰዓት በኋላ ነው፤ ደግሞ ልጅ አባቱን ሳያይ ይተኛ የሚል መመሪያ እኔ አልቀበልም። እዚህ ላይ መጽሐፉና ጀሞ አይስማሙም። ተከራክረን ያገኘነው ስምምነት ይህ ነው፦ ልጆቹ ከአያታቸው ጋር 1 ሰዓት ላይ እራታቸውን ይበላሉ፣ እኔ ስገባ አብረውኝ ይቀመጣሉ፣ ከትሪዬ አንድ ሁለት ጉርሻ ይወስዳሉ፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይሆናል። የመመሪያው ታችኛው ጠርዝ ላይ ነን፤ ከባለፈው ዓመት ግን ሰማይና ምድር ነው።

ጎረቤታችን የ15 ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። የእኛን ታሪክ ሰምታ “የእኔዋስ? ሌሊት 6 ሰዓት ሳይሆን ዓይኗ አይከደንም” አለች። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ጉርምስና ሲገባ የውስጥ ሰዓቱ ራሱ ወደ ማምሸት ያዘነብላል፤ ልጅቷ አመፀኛ ሆና አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት እንዳይጀምሩ የመከረው ለዚህ ነው፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ በሕግ ደነገገችው፣ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ከዚያ ሰዓት በፊት አይከፈቱም። እኛ ጋ ትምህርቱ 2 ሰዓት ላይ ቢጀመርም ሰርቪሱ ልጆችን ከሰፈር ሰፈር ሲለቅም አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ መጀመሪያ የሚወሰደው ልጅ መጨረሻ ከሚወሰደው አንድ ሰዓት እንቅልፍ ይከፍላል። ለሰርቪሱ ተራ የሚጨቃጨቁት ወላጆች ሁሉ የሚጨቃጨቁት ለዚህች ሰዓት ነው፣ ባይሉትም።

እህቴ የምትኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ሁለት ልጆች አሏት፣ የእኛዎቹ እኩዮች። ስለ ጳጉሜው እቅዳችን ስነግራት ሳቀች።

“ጋሼ፣ አንተ ምን ችግር አለብህ? የእናንተ ፀሐይ እኮ አትቀየርም።”

“ልክ ነሽ፣ አትቀየርም” አልኳት። ያኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

እዚያ ያለው ሌላ ዓለም ነው። ሚኒያፖሊስ በሰሜን ኬክሮስ 45 ዲግሪ ላይ ናት፤ በሰኔ አጋማሽ ቀኑ ከ15 ሰዓት ተኩል በላይ ይረዝማል፣ በታኅሣሥ ከ9 ሰዓት በታች ያጥራል። በበጋቸው ልጆቿን አልጋ ስታስገባ ፀሐይዋ ገና ሰማይ ላይ ናት። ልጇ መስኮቱን እያሳየ “እማዬ፣ ቀን ነው እኮ” ይላታል፤ የዘረጋችው ጥቁር መጋረጃ ነው የሚያግዛት። በክረምታቸው ደግሞ ልጆቹ በጨለማ ወጥተው፣ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ቦርሳቸውን እንዳስቀመጡ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልምባቸዋል። የልጆቹ ሐኪም ክረምቱን ሙሉ የቫይታሚን ዲ ጠብታ አዘዘላቸው። ቅዳሜና እሁድ በበረዶም ቢሆን ረፋዱ ላይ ግማሽ ሰዓት ታወጣቸዋለች፤ ያቺ ናት የእሷ ባልኮኒ።

በዚያ ላይ ሰዓቱን ራሱን ያዛውሩታል። አሜሪካ ውስጥ በመጋቢት ሁለተኛ እሁድ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በኅዳር የመጀመሪያ እሁድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ያደርጉታል (ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትነካም፤ ስለዚህ ከሚኒያፖሊስ ጋር ያለን ልዩነት በበጋቸው 8 ሰዓት፣ በክረምታቸው 9 ሰዓት ነው። ይህን የሚያውቀው በተግባር እናቴ ናት። እህቴ በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ እዚያ እኩለ ቀን ላይ፣ ትደውላለች፤ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በጥቅምት መጨረሻ አንድ እሁድ እናቴ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። 2 ሰዓት ሆነ። 2 ሰዓት ተኩል ሆነ። ጋቢዋን ማስተካከል ጀመረች። ልጆቹ የአክስታቸውን ልጆች በስክሪን ሳያዩ አንተኛም አሉ። በ3 ሰዓት ስልኩ ጮኸ።

“ምን ሆናችሁ ነው? አሞሽ ነው?”

“ኧረ እማዬ፣ ሰዓቱ ተቀየረ እኮ። ትናንት ማታ።”

“ማን ቀየረው?”

“መንግሥት።”

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። “እንግዲህ ይሄም አለ” አለች፣ ከዚያ ወደ ልጅ ልጆቿ ዞረች። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ በጊዜ እንዲተኙ ጥሪው ወደ ቅዳሜ ጠዋት ተዛወረ።

የእህቴ ዘዴ ከእኛ ጋር ይመሳሰላል። ሰዓቱ ከመዛወሩ አራት ቀን ቀድማ የልጆቹን እራት፣ ገላ መታጠቢያና መኝታ በየቀኑ 15 ደቂቃ ታንቀሳቅሳለች፤ እሁድ ሲመጣ ሥራው አልቆ ይጠብቃታል። የኅዳሩ ይሻላል ትላለች፣ የሚያስመሸው ነውና፤ የመጋቢቱ ግን በየዓመቱ ያስለቅሳቸዋል። ቁልቁለትና ዳገት።

ስለ ቀን ርዝመት ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። የቤተ ክርስቲያናችን የቅዱሳን መጽሐፍ፣ ስንክሳር፣ በየወሩ መግቢያ የዚያን ወር የቀን ሰዓት ይናገራል፤ ለመስከረም 12 ሰዓት፣ ለታኅሣሥ 9፣ ለሰኔ 15። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ለምን እንደማያጥር ይገርመኝ ነበር። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ናት፤ በታኅሣሥ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ በሰኔ ከ12 ሰዓት ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ነው። ቁጥሮቹ ከእኛ ሰማይ ይልቅ ከሰሜን ሰማይ ጋር ይስማማሉ፤ መጽሐፉም የመጣው ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። አባቶች ግን ወቅትን ከሰዓት ይልቅ በዝናቡና በአበባው ከፍለው አውቀዋል፦ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ ከዚያ መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 በጋ፣ ከመጋቢት 26 ፀደይ። እናቴ ያደገችበት አገር ልጅ በመፀው ማማ ላይ ሆኖ ወፍ ከማሽላ ላይ ይጠብቃል፣ በበጋ ከብት ይዞ ወንዝ ይወርዳል፤ ዶሮ ሲሰፍር ይተኛል፣ ዶሮ ሲጮህ ይነሳል። “የመኝታ ሰዓት” የሚል ቃል እንኳ አልነበረም ትላለች። እርግጥ ወፍ ሲጠብቅ የዋለ ልጅ ትምህርት ቤት አልዋለም፤ ይህን እሷም አትክድም።

ወደ ጳጉሜን ልመለስ። ይህች ወር ለዚህ ሥራ የተሠራች ትመስላለች፤ አምስት ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት፤ ደሞዝ የሌላት፣ ሒሳብ የማይታሰብባት። ጳጉሜን 2 ላይ ልጆቹ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ይነሱ ነበር። በሩፋኤል ቀን፣ ጳጉሜን 3፣ ዝናብ ሲጥል የሰፈሩ ልጆች ሁሉ በቁምጣ ወጥተው በዝናቡ ተጠመቁ። ማሙሽ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ እየሳቀ ገባ፣ እናቴ በፎጣ አሻሸችው፣ ትኩስ አጥሚት ጠጣ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተኛ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ማታ እስከ 4 ሰዓት ቆየ። እቅዱ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ሄደ።

ከዚያ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ችቦ፣ እንግዳ፣ ሚጣ ከጓደኞቿ ጋር አበባየሆሽ፣ የተሰበሰበውን ብር መቁጠር። የመኝታ ሰዓት በዓልን የሚያሸንፍበት ቤት ካለ ይንገሩኝ። እኔ አልሞከርኩም። በመስከረም 2 ጠዋት ግን፣ ስንት ሰዓት ቢተኙም፣ በ1 ሰዓት መስኮቱን ከፈትኩ። ደክሟቸው አኩርፈው ባልኮኒ ወጡ፤ ማታ ደግሞ ሳይነገራቸው ገቡ። ከአሥራ ስምንቱ ቀን የተማርኩት ይህንን ነው፦ ማታው ይበላሻል፣ እንግዳ ይመጣል፣ መብራት ይበራል፤ ጠዋቱን ከያዝክ ግን ማታው ተጎትቶ ይመጣል። መስከረም 7 ማሙሽ ሁለቱንም ጫማውን ራሱ አድርጎ ወረደ። አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ፣ ተዛውረው ነበር፤ ምንም አላልኩም።

ለሁሉም ቤት ግን የመስከረም ጥያቄ እንቅልፍ ብቻ አይደለም። የባለቤቴ እህት አርባ ምንጭ ታስተምራለች። እዚያ ዝናቡ ሲያባራ የሚመጣው ወባ ነው፤ ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። ትንኟ የምትነክሰው ከምሽት ጀምሮ ስለሆነ የእሷ ልጆች ሥርዓት የሚቀየረው ሲመሽ ነው፦ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሜዳ መግባት፣ ረጅም ልብስ፣ አጎበሩ ፍራሹ ሥር መታጠፉን ማየት። አጎበር ውስጥ የሚሞቅ ልጅ እግሩን አውጥቶ ይተኛል፤ በየሌሊቱ ተነስታ እግር ታስገባለች።

እኛ ጋ ሁለተኛው ፈተና የመጣው በኅዳር ነው፣ ብርድ ሆኖ። ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ሙቀቱን አይይዝም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ጠዋት ልጅን ከብርድ ልብስ ማውጣት ጥርስ እንደ መንቀል ሆነ። ሹራብ ለብሰው ይሄዳሉ፣ በ6 ሰዓት ያወልቃሉ፣ ሹራቡ ትምህርት ቤት ይቀራል፤ እስከ ገና ሦስት ሹራብ ጠፋብን። ኅዳር 12 ሲታጠን፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሲያቃጥል፣ ጭሱ መስኮት አስዘጋን፤ ማሙሽ ሳምንት ሙሉ ሳለ። ያ ልማድ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው የጨረሰውን የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው፤ ለሳንባ በሽታ መታሰቢያ ጭስ መምረጣችን ግን አሁንም ይገርመኛል።

ብርዱን ያሸነፈችው እናቴ ናት። የነገ ዩኒፎርማቸውን ማታ ከጋቢዋ ሥር አድርጋ ትተኛለች፤ ጠዋት ልብሱ ሞቅ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ገላ መታጠቡን ከጠዋት ወደ ቅዳሜ እኩለ ቀን አዛወረችው። ማታ ማታ ደግሞ፣ እንደ ድሮው የመንገደኛ እግር፣ ለብ ባለ ውኃ ሁለቱንም እግራቸውን ታጥባቸዋለች፣ ቫዝሊን ቀብታ ካልሲ ታደርጋለች። ማሙሽ ሁለተኛው እግሩ ሳይታጠብ ዓይኑ ይከደናል። ሳይንሱም ከእሷ ጋር ነው፤ እንቅልፍ የሚመጣው የሰውነት የውስጥ ሙቀት ሲወርድ ነው፣ እግርና እጅ ሲሞቁ ደግሞ የደም ሥሮቻቸው ይከፈቱና ሙቀቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ያስወጡታል። ይህን ስነግራት “ታዲያ እንዲያ ነዋ” ብላ ሳህኑን ይዛ ሄደች።

ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት። 12 ሰዓት ከሩብ። ሚጣ ተነስታ ፀጉሯን ታስይዛለች። ማሙሽ ትራሱን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ አልነሳ አለ።

“ማሙሽ፣ ሰርቪስ ይመጣል።”

“ገና ነው።”

“ምን ገና ነው? ሰዓቱን እያየሁት ነው እኮ!”

ትራሱን ከፊቱ ገለጥ አድርጎ በጣቱ ወደ መስኮቱ አመለከተ። “አባዬ፣ ፀሐይ ባልኮኒ ስትደርስ ነው መነሳት ብለሃል። አልደረሰችም።”

ወጥቼ አየሁ። ባልኮኒው ግራጫ ነው። ማዶ ያለው ብሎክ ጫፍ ላይ እንኳ ብርሃን አልወጣም። ስልኬን ከፍቼ የፀሐይ መውጫ ሰዓት ፈለግኩ፦ 12 ሰዓት ከ46። በመስከረም መጀመሪያ 12 ሰዓት ከ14 ላይ ትወጣ ነበር። ግማሽ ሰዓት። ለእህቴ አትቀየርም ያልኳት ፀሐይ፣ ልጁ በየጠዋቱ ሻይ ይዞ ሲያያት፣ ቀስ እያለች ግማሽ ሰዓት ሄዳለች።

ከታች ክላክስ ተሰማ። አንዴ።

“መጣ” አልኩት።

“ሰርቪሱ ነው የመጣው” አለ ማሙሽ፣ ካልሲውን እየፈለገ። “ፀሐይ አይደለችም።”